የቴፒ ቡና ለቃሚዎችና የወንዝ ዳሩ በሽታ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በቴፒና በሚዛን ከተሞች ዙሪያ ቡናውን ያለመለመው የዝናብና የወንዝ ብዛት ኦንኮሰርኪያሲስ ለሚባለው በሽታም ተመችቶታል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽ ጥቁር ዝንብ የምትራባው በኃይል በሚወርድ ውኃ ውስጥ ነው፤ ዕጮቿ ድንጋይና ቅጠል ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። የምትነክሰው ደግሞ በቀን ብርሃን ነው፤ ገበሬው እርሻው ላይ፣ ለቃሚው ቡናው ሥር፣ ሴቶች ውኃ ሲቀዱ። በሽታውን የሚያመጣው ትል በሰው ቆዳ ሥር እንደ ጓጎላ በሚታይ እብጠት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። የሚያስቸግሩት በቆዳ ውስጥ የሚርመሰመሱት እልፍ ልጆቹ ናቸው። በሽታው በምዕራብ አፍሪካ የብዙ ሰው ዓይን አጥፍቷል፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ግን በይበልጥ የሚጎዳው ቆዳን ነው።

በሽታው በዚህ አካባቢ መኖሩ በጽሑፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1939 በጣሊያን ተመራማሪዎች ነው። ነዋሪው ግን ከዚያ በፊትም አብሮት ኖሯል። ሰፋፊዎቹ የቴፒና የበበቃ የመንግሥት ቡና እርሻዎች ሲቋቋሙ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ ዝንቧ ወዳለችበት ወንዝ ዳር ተሰበሰበ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1977ቱ ድርቅ በኋላም ከወሎና ከትግራይ የተነሡ ብዙ ሰፋሪዎች ወደ ከፋና ኢሉባቦር ቆላዎች መጡ፤ ረሃቡን አምልጠው የማያውቁት በሽታ ጠበቃቸው።

ሕመሙ ቶሎ አይገድልም፤ ክፋቱም ከዚሁ ይጀምራል። ማሳከኩ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል፤ ሰው ጥፍሩ አልበቃው ሲል በእንጨት፣ በድንጋይ ይፍቃል። ቆዳው ከጊዜ ብዛት ይወፍራል፣ ይሸበሸባል፤ የእግር ቅልጥሙ ላይ እንደ ነብር ቆዳ ነጭና ጥቁር ይዥጎረጎራል። እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ባንክ ባወጣው ጥናት፣ በቴፒ ቡና እርሻ በዚህ የቆዳ ሕመም የተያዙ ቋሚ ወንድ ሠራተኞች የቀን ገቢ ከጤነኞቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያነሰ ነበር። በቁጥር የማይለካው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። በሽታው በሰፊው በሚታይባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች ቆዳው የተበላሸ ሰው ከሰው መሐል መቀመጥ ያፍራል፤ የልጃገረዶች የትዳር ዕድልም ይጠባል። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ከአካሉ ሥቃይ ሌላ የሚያስጨንቀው ለሰው የማይጠቅም ሆኖ መቅረቱ ነው።

ለውጡ የመጣው አይቨርሜክቲን በተባለ መድኃኒት ነው። ዊልያም ካምቤልና የጃፓኑ ሳቶሺ ኦሙራ የደረሱበት ግኝት እ.ኤ.አ. በ2015 ለኖቤል ሽልማት አብቅቷቸዋል። አምራቹ መርክ እ.ኤ.አ. በ1987 መድኃኒቱን ሜክቲዛን በሚለው ስም በነፃ መስጠት ጀመረ። ቴፒን የሚያቅፈው የከፋና ሸካ የመድኃኒት እደላ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀመረ። ክኒኑ ትንንሾቹን ትሎች እንጂ አሮጌውን ትል አይገድልም፤ ስለዚህ የአንድ ቀን ዘመቻ ሳይሆን ለዓመታት በየጊዜው የሚደጋገም ሥራ ጠየቀ።

ይህን ያህል ዓመት ቤት ለቤት የሚዞር የጤና ባለሙያ ከየት ይገኛል? መፍትሔው የታየው ከመንደሩ ውስጥ ነበር። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ክኒን አዳዮቹን ራሳቸው መረጡ፤ እደላው የቡና ለቀማውን እንዳያውክ ጊዜውንም ራሳቸው ወሰኑ። አዳዩ ሚዛን አያስፈልገውም። በእጁ ምልክት የተሰመረበት የቁመት መለኪያ እንጨት አለ፤ ሰውየው ጫማውን አውልቆ ከእንጨቱ ጋር ይቆማል፣ አናቱ የደረሰበት መስመር ስንት ክኒን እንደሚውጥ ይነግራል። ከ90 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ሕፃን አይወስድም፤ ረዥሙ ሰው 4 ክኒን ይወስዳል። ነፍሰ ጡርና በጠና የታመመ ሰው ይታለፋሉ፣ ስማቸው ግን ለሚቀጥለው ዙር ይያዛል። የመጀመሪያው ክኒን አንዳንዱን ለጥቂት ቀን ይበልጥ ያሳክከዋል፣ ፊቱን ያሳብጠዋል፤ ትሎቹ እየሞቱ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ይደነግጣል፣ ሁለተኛ አልወስድም ይላል። ያን ጊዜ ከሩቅ ከመጣ ባለሙያ ይልቅ ያው እከክ ያሰቃየው ጎረቤት «እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር» ሲል ይደመጣል።

አዳዩ ደመወዝ የለውም፤ ለመንደሩ ነፃ ጉልበቱን ሰጥቶ ወደ ቡናው ይመለሳል። ይህን በጎነት በማመስገን ብቻ ማለፍ ተገቢ አይደለም፤ ሸክሙ ከባድ ነው፣ የሰለቹም የተዉም አሉ። ያም ሆኖ ሕመም ዋጋ ያሳጣውን ሰው ዳግመኛ በሰው ዘንድ ተፈላጊ ያደረገ ሥራ ነው። ድሮ ጥላ ሥር ተደብቆ የሚያክክ ሰው ዛሬ መዝገብ ይዞ ደጅ ሲያንኳኳ «ግባ፣ ቡና ደርሷል» ይባላል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በሽታውን ከመቆጣጠር አልፋ ለማጥፋት ስትነሣ፣ በብዙ አካባቢዎች እደላው በዓመት 2 ጊዜ ሆነ። ለአዳዩ ይህ ድርብ ሥራ ማለት ነው፤ የቤተሰቡ ስምም ከመንደሩ ሁሉ ጋር በዚያው መዝገብ ሰፍሯል፣ ከክኒኑም የራሱ ድርሻ አለው።