ጫትን ቤት ለቤት የጠየቁት ሐኪም

በከተማችን በቶጎጫሌ ከቀትር በኋላ የመኪና ጡሩምባ ሲነፋ ምን እንደ መጣ የማያውቅ ልጅ የለም። ከአወዳይ የተነሣው የጫት መኪና ሐረርንና ባቢሌን፣ የካራማራንም ዳገት አልፎ፣ ጅጅጋን ወደ ኋላ ትቶ፣ ሜዳውን እንደ ነፋስ አቋርጦ ከድንበሩ ደርሷል ማለት ነው። ከእኛ መካከል የደብተሩና የደንብ ልብሱ ገንዘብ ከዚሁ ንግድ የሚገኝለት ብዙ ነው። እናቶቻችን እስሩን እርጥብ ጨርቅ አልብሰው በጥላ ሥር ተቀምጠው ይሸጣሉ። ስለዚህ ስለ ጫት ስንጽፍ ስለ ሩቅ ነገር አለመጻፋችንን አንባቢ ይወቅልን።

ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ ግማሾቻችን ስለ ነጋዴዎቹ እንጻፍ ብለን ነበር። ነገር ግን ስለ ነጋዴዎቹ በየሻይ ቤቱ ይወራል። ስለሚቅመው ሰው፣ ይልቁንም ቅሞ ቅሞ መተው ስላቃተው ሰው፣ በጥሞና የጠየቀ ማን ነው? ይህን ስንመረምር ከአንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሥራ ላይ ደረስን። ከእርሳቸው በፊት ግን ስለ ቅጠሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ጫት በአገራችን እንግዳ አይደለም። የይፋቱ ሰብረዲን በ1332 ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር በተዋጋ ጊዜ በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደ ዛተ የንጉሡ ዜና መዋዕል ይመሰክራል። አንድ ሰው ጠላቱን በቅጠል ሲያስፈራራ የሰማነው በዚህ ብቻ ነው! አውሮፓውያን ቅጠሉን በሳይንስ ስም የጠሩት እጅግ ዘግይተው ሲሆን፣ የመን ውስጥ ሲመረምረው የነበረው ፎርስኮል በ1763 በዚያው ሞቶ ጽሑፉ በ1775 ታተመ። የሚያነቃቃው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን መሆኑ የታወቀው ደግሞ ከዚያ 200 ዓመት ቈይቶ በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የምርምር ክፍል ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ሲደርቅ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል፤ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉ አብዛኛው ያልቃል። የሾፌሮቻችን ጥድፊያ ምክንያቱ ይኸው ነው። ኬሚስቶቹ በ1975 ያገኙትን እነርሱ አስቀድመው በጎማቸው ያውቁት ነበር።

ስለ ቅጠሉ ይህን ያህል ሲታወቅ ስለ ቃሚው ግን ሁለት ቃል ብቻ ይነገር ነበር፤ ወይ ዱርዬ ነው፣ ወይ ምንም አልሆነም። መንግሥታትም የሞከሩት ክልከላን ነው። በ1983 የሞቃዲሾ መንግሥት ጫትን በሕግ አገደ፤ እኛ ግን ዛሬም በድንበሩ ላይ ቆመን መኪናው ወደ ሐርጌሳ ሲያልፍ እናያለን።

ዶክተር አታላይ ዓለም፣ በኋላ ፕሮፌሰር፣ በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታል የሠሩ የአእምሮ ሐኪም ናቸው። አማኑኤል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ እንደ ስድብ ሲነገር እንሰማለን። ሐኪም በሆስፒታል ተቀምጦ የሚያየው ሕመሙ የጸናበትን ብቻ ነው፤ ታስሮ የመጣውን፣ ዘመድ የሰለቸውን። ቅሞ ወደ እርሻው የሚሄደውን አያየውም። ስለዚህ ዶክተር አታላይ ከዶክተር ደረጀ ከበደና ከስዊድናዊው ጉናር ኩልግሬን ጋር ሆነው ጥያቄውን ወደ ገጠር፣ ወደ ቡታጅራ ወሰዱት። በዚያ 10,468 ጎልማሶች ቤት ለቤት ተጠየቁ። ትቅማለህን? በየቀኑ ነውን? ስለ ምን ትቅማለህ?

መልሱ በ1999 ታተመ። ከተጠየቁት 55.7 በመቶው በዕድሜያቸው ቅመው ያውቃሉ፤ ግማሾቹ በዚያን ጊዜም ይቅሙ ነበር። ከሚቅሙት መካከል በየቀኑ የሚቅሙት 17.4 በመቶ ነበሩ። ከዐሥሩ ስምንቱ የቃሙበት ምክንያት ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ መሆኑን ተናገሩ። በዚህ ቍጥር ላይ ብዙ ተከራክረናል። ለጸሎት ብሎ የተቀመጠን አዛውንት ዱርዬ የሚለው ማን ነው? በየቀኑ የሚቅመውስ ጐረቤቱ፣ ሐራራው ሲነሣበት እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ ሌሊት ዱካክ የሚያስጨንቀው፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ስም ይጠራልን? ቍጥሩ ሁለቱን ለየልን። እኛን ተማሪዎቹን ያሳፈረን ግን ሌላው ውጤት ነው። ከፍ ያለ ትምህርት ያላቸው ሰዎች በየቀኑ ወደ መቃም አዘንብለው ተገኙ። በፈተና ሰሞን ከእኛ መካከል ስንቱ ለጥናት ብሎ እንደሚጀምረው እናውቃለንና ይህን ስናነብ ማንም አልሳቀም።

ዶክተሩ በዚሁ ጥናት ላይ የተመሠረተውን የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በ1997 በስዊድን በኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ከዶክተር ተሾመ ሽብሬ ጋር በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ስለ አንድ በሽተኛ ጻፉ። ጽሑፉ ጫት ያስከተለው የአእምሮ መታወክ በፍርድ ቤት ፊት እንዴት እንደሚታይ የሚመረምር ነው። አጭር ቢሆንም በእኛ አስተያየት ከባዱ ነገር በእርሱ ውስጥ አለ፤ ቅጠሉን የቃመው በፈቃዱ ሲሆን አእምሮው ግን ከፈቃዱ ውጭ የሄደበትን ሰው ዳኛ ምን ይበለው?

ወደ እኛም አካባቢ ምርመራው ደርሷል። ከድንበሩ ማዶ በሐርጌሳ 4,854 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ በ2005 ወጥቷል። የጸና የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከጤነኞቹ ይልቅ በለጋ ዕድሜ መቃም የጀመሩና አብዝተው የሚቅሙ ሆነው ተገኙ። ይህ የተጠናው ከእናቶቻችን ጥላ ሥር ባለፈው ጫት ነው።

መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ማከም ሌላ። ለሄሮይን ሱስ ዶል እና ኒስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች በ1965 በኒውዮርክ ሜታዶን የተባለውን መድኃኒት ሰጥተው ፍሬውን አሳይተዋል፤ ለጫት ግን እንዲህ ያለ ምትክ መድኃኒት አልተገኘም። የሚቀረው ሐኪምና ጊዜ ነው፤ ሐኪሙም ጥቂት ነበር። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶች በአገር ውስጥ መሠልጠን የጀመሩት በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እርዳታ ነው። እስከዚያ ድረስ ይህን ሙያ የሚሻ ሁሉ ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት።

ከእኛ የአንዱ አጎት፣ ስማቸውን አንጽፍም፣ 20 ዓመት ቅመዋል። ባለፈው ዓመት ጅጅጋ ካለ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሙ ሊመክራቸው ነው ብለን ስንጠብቅ፣ «አዴር፣ ከስንት ዓመትዎ ጀመሩ? በቀን ስንት እስር ነው? ስለ ምን ይቅማሉ?» ብሎ ጠየቃቸውና መልሳቸውን ጻፈ። በቡታጅራ የተጠየቀውን የምናውቅ እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። አጎት ሲወጡ፣ «ሁሉ ሰው ይመክረኝ ነበር፤ ጠይቆኝ ያዳመጠኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው» አሉን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ትተው ሁለት ጊዜ ተመልሰውበታል። አሁን ከተዉት አንድ ወር አለፈ። የጡሩምባው ሰዓት ሲቃረብ በትራቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ከእኛም አንዱ ተራ ገብቶ አብሯቸው ይሄዳል።