ጌዲ፦ ጫካ የዋጣት ከተማ

በኬንያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ስንወርድ አብዛኛውን ጊዜ ሞምባሳን አይተን እንመለሳለን። ከማሊንዲ በስተደቡብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጫካ የተዋጠችውን ጌዲን ግን በእግር ልንዞራት ይገባል፤ ታሪኳ እኛንም ይነካልና።

በኮራል ድንጋይ የተገነባችው ይህች የስዋሂሊ ከተማ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገናና ነበረች። አንዱ መቃብር 802 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1399) የሚል ጽሑፍ አለው። ጄምስ ከርክማን እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ባካሄዱት ቁፋሮ የቻይና ሸክላ ሳይቀር ተገኝቷል። እኛን ይበልጥ ያስደነቁን ደግሞ የቤቶቹ መጸዳጃዎች ናቸው!

ነዋሪዎቿ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጥለዋት ሄዱ። የቆዩ መጻሕፍት ጥፋቱን ከሰሜን በወረዱት ኦሮሞዎች ላይ ይጥላሉ፤ ስሟም ከኦሮምኛ የመጣ ነው ይባላል። ወረራ አልነበረም አንልም። ሆኖም ጎብኚው የውኃ ጉድጓዶቹንም ልብ ብሎ ይመልከት፤ ውኃው እየሸሸ በመሄዱ አንዱ እንደገና ጠልቆ ተቆፍሯል። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሕዝብ ላይ መጫን ለእኛ ሚዛን አይደፋም።

ዩኔስኮ ጌዲን በዓለም ቅርስነት የመዘገባት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ምሳ ቋጥሮ የሚሄድ ከጦጣዎቹ ይጠንቀቅ።