የምርት መቶኛ፦ ናይለን ሲሠራ ስንት ግራም እንጠብቅ?

በቤተ ሙከራ «ዪልድ» የሚባለውን በአማርኛ «ምርት» ብንለው ይበቃል። በስሌት የሚጠበቀው ንድፈ ሐሳባዊ ምርት፣ ደርቆ ሚዛን ላይ የወጣው ተጨባጭ ምርት ይባላል። ተጨባጩ ለንድፈ ሐሳባዊው ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የምርት መቶኛ ይገኛል።

ፖሊመር (ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት) ላይ ሲደረስ ተማሪ ግራ የሚጋባው ወዲህ ነው፤ የሰንሰለቱ ርዝመት ሳይታወቅ ሞላር ክብደቱ ከየት ይመጣል? ማወቅም አያስፈልግም። ዶቃው በአንድ ረጅም ክር ቢሰካ ወይም በሃምሳ አጫጭር ክሮች፣ ክብደቱ ያው ነው። ስለዚህ የሚሰላው በሰንሰለቱ ውስጥ በሚደጋገመው ቁራጭ ነው።

የዋላስ ካሮተርስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1935 በዱፖንት የሠራውን ናይለን 6,6 እንውሰድ። 11.6 ግራም ሄክሳሜቲሊንዳያሚን (ሞላር ክብደቱ 116) እና 14.6 ግራም አዲፒክ አሲድ (146) ሲቀላቀሉ ከእያንዳንዳቸው 0.1 ሞል አለ። ድምሩ 26.2 ግራም ነው፤ ብዙዎች ይህንኑ እንደ ንድፈ ሐሳባዊ ምርት ይጽፉና ይሳሳታሉ። ሁለቱ ሲያያዙ በየቁራጩ ሁለት የውኃ ሞለኪውል ስለሚወጣ፣ ከ262 ላይ 36 ተቀንሶ ተደጋጋሚው ቁራጭ 226 ይመዝናል። 0.1 ሞል ማለት እንግዲህ 22.6 ግራም ናይለን ነው። ታጥቦና ደርቆ 19.2 ግራም ከወጣ፣ የምርት መቶኛው 85 ነው። ፖሊስታይሪን ቢሆን ኖሮ የሚወጣ ውኃ የለም፤ 10 ግራም ስታይሪን 10 ግራም ይጠበቅበታል።

ወደ ናይለኑ ስንመለስ፣ አዲፒክ አሲዱ 11.7 ግራም ብቻ ከሆነ 0.08 ሞል ነውና ስሌቱ ከሚያንሰው ይነሣል፤ 18.1 ግራም ይሆናል። መቶኛው ከ100 ካለፈ ደግሞ ከመደሰት በፊት ናይለኑን መልሶ ማድረቅ ይሻላል፤ እርጥበት ይይዛልና።

ለእኔ ዋናው ነገር መቶኛው የማይነግረን ነው። በካሮተርስ ቀመር መሠረት፣ ሁለቱ ግብዓቶች በእኩል ሞል ሆነው ከሚያያዙት ጫፎች 95 በመቶው ቢያያዙ አንድ ሰንሰለት በአማካይ 20 ሞኖመር (የግብዓት ሞለኪውል) ብቻ ይይዛል፤ 99 በመቶው ቢያያዙ 100 ይደርሳል። ባለ 20ው ተሰባሪ ነው፣ ክር ሆኖ አይሳብም። ሚዛን ላይ ግን ሁለቱ ብዙም አይለያዩም። ስለዚህ የፖሊመር ኬሚስት ከምርት መቶኛው ጎን የሟሟውን ናይለን ዝልግልግነት ለክቶ ይጽፋል፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም ፈሳሹ ይወፍራል።