ርጥብ ቤትና የአዋቂዎች ሳንባ፦ የአንድ አሮጌ ጥርጣሬ ታሪክ

ርጥበት የያዘ ቤት ሳንባን ይጎዳል የሚለው እምነት ከዘመናዊው ሕክምና የቀደመ ነው። በሀገራችንም ሳል የጀመረውን ሰው «ብርድ መታው» ማለት የቆየ ልማድ ሲሆን፣ አነጋገሩ ሕመሙን ከአየሩና ከመኖሪያው ጋር ያያይዘዋል። ይሁንና ይህ እምነት በሕክምናው ዓለም የተጓዘበት መንገድ ቀጥተኛ አልነበረም። በአንድ ወቅት በአኃዝ ተደግፎ ገነነ፤ ቀጥሎ ጊዜው እንዳለፈበት ትምህርት ተጣለ፤ በኋላም በሌላ ማስረጃ ተመልሶ መጣ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1862 ሄንሪ ባውዲች የተባለ የቦስተን ሐኪም፣ የሳንባ ነቀርሳ በማሳቹሴትስ በእኩል እንደማይሰራጭና ርጥብ አፈር ባለባቸው ቦታዎች እንደሚበረታ ለሕክምና ማኅበሩ አባላት አስረዳ። መረጃውን ያገኘው በየከተማው ላሉ የሙያ ባልደረቦቹ ጥያቄ በጽሑፍ ልኮ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1866 እና 1867፣ ጆርጅ ቡካናን በእንግሊዝ መንግሥት የጤና ሹም በጆን ሳይመን ሥር ሆኖ ሲሠራ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ አቀረበ። ቡካናን የመረመረው የፍሳሽ ማስወገጃ የተዘረጋላቸውን 25 ከተሞች ነበር። ሥራው የታሰበው ለኮሌራና ለአንጀት ተስቦ ሆኖ ሳለ፣ በአንዳንዶቹ ከተሞች በሳንባ ነቀርሳ የሚሞተውም ሰው ቁጥር ቀነሰ። ቅነሳው በሶልስበሪ 49 በመቶ፣ በኢሊ 47 በመቶ፣ በራግቢ 43 በመቶ፣ በባንበሪ 41 በመቶ ደርሶ ነበር። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሌላው ወገን ነው። ቱቦዎቹ ውኃ የማያስገቡ ሆነው ፍሳሹ ቢወገድም የአፈሩ ርጥበት ሳይቀንስ በቀረባቸው ከተሞች ይህ ለውጥ አልታየም። ንጽጽሩ ለዘመኑ እጅግ የረቀቀ ነበር።

መጋቢት 24 ቀን 1882 ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን ሲያበስር የርጥበቱ ነገር ከመድረክ ወረደ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ከሆነ ርጥብ አፈር ምን ሥራ አለው? ለቡካናን አኃዝ ሌላ ማብራሪያ መስጠትም ይቻል ነበር፤ በነዚያው ዓመታት በሽታው በእንግሊዝ በአጠቃላይ እየቀነሰ ነበርና። ፍርዱ በነቀርሳ ረገድ ተገቢ ቢሆንም ስሕተትም አስከትሏል። ርጥበት የነቀርሳ መንስኤ አይደለም ማለትና ርጥብ ቤት ሳንባን አይጎዳም ማለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ፣ አንደኛው ሲጣል ሁለተኛው ጥያቄም አብሮ ተረሳ።

ጥያቄው እንደገና በጉልህ የተነሣው በሆላንድ ነው፤ ምድሩ ዝቅተኛ፣ አየሩም ርጥብ በሆነበት ሀገር። በ1920ዎቹ ስቶርም ቫን ሊዩወን በላይደን የአስም ሕሙማንን አየሩ በተጣራ ክፍል እያኖረ ብዙዎቹ ሲሻላቸው ተመለከተ። ጠንቁ በቤታቸው አየር ውስጥ መኖሩ ይህን ያህል ግልጽ ቢሆንም ምንነቱ አልታወቀም ነበር። በ1960ዎቹ በዚያው ከተማ ፎርሆርስትና ስፒክስማ የቤት አቧራ በርጥብ ቤቶች ውስጥ ይበልጥ አለርጂ የሚያስነሣው ለምን እንደሆነ ሲፈልጉ፣ ማይት የምትባለውን ደቂቅ ፍጥረት አገኙ። ርዝመቷ የሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ ሲሆን የምትመገበው ከሰው ገላ የሚረግፈውን ቅርፊት ነው። ውኃ አትጠጣም፤ የሚያስፈልጋትን ርጥበት ከአየር ትስባለች። በመሆኑም አየሩ በደረቀበት ቤት ለረጅም ጊዜ መኖር አትችልም። የርጥበትና የአስም ዝምድና ሥጋ ለብሶ የታየው በዚህች ፍጥረት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የጠራው ማስረጃ የመጣው ግን ከጃፓን ነው። በደቡብና በምዕራብ ጃፓን፣ በሞቃቱና ዝናባማው ወቅት፣ በሳል፣ በትኩሳትና በትንፋሽ ማጠር የሚታመሙ ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ አዋቂዎች ሲሆኑ ከመካከላቸውም ቀኑን በቤት የሚውሉ የቤት እመቤቶች ይበዙ ነበር። ሆስፒታል ሲተኙ ይሻላቸዋል፤ ቤታቸው ሲመለሱ ሕመሙ ይመለሳል፤ ቅዝቃዜ ሲገባ ይጠፋና በቀጣዩ በጋ ደግሞ ይነሣል። እንዲህ ያለ ታሪክ የያዘ ሕመምተኛ በአንቲባዮቲክ ደጋግሞ መታከሙ አይቀርም፤ የተሻለውም በመድኃኒቱ ይመስላል። በ1984 የኩማሞቶ ተመራማሪዎች መንስኤው ትራይኮስፖሮን የተባለ፣ በርጥብ የእንጨት ቤት ውስጥ በበሰበሰ ጣውላና ምንጣፍ ላይ የሚያድግ ፈንገስ መሆኑን አመለከቱ። ሕመሙ ሰውነት ለፈንገሱ በሚሰጠው ምላሽ የሚፈጠር የሳንባ ብግነት ነበር። የበሰበሰው እንጨት ሲነሣና ቤቱ ሲጸዳ፣ ወይም ሕመምተኛው ቤት ሲቀይር፣ በሽታው መመለሱን ያቆም ነበር። ቤትን ማከም ሰውን ማከም የሆነበት እንዲህ ያለ ምሳሌ በሕክምና ታሪክ ብዙ አይገኝም።

በብሪታንያ ደግሞ ክርክሩ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የጥፋተኝነትም ሆነ። በግላስጎው ጎርባልስ ሠፈር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተመረቁት የኮንክሪት ሕንፃዎች ነዋሪዎች ከገቡባቸው ብዙም ሳይቆይ ግድግዳቸው በሻጋታ ጠቆረ። ሙቅ አየር ቀዝቃዛ ኮንክሪት ሲነካ ውኃ ይቋጥራል፤ ቤቱን በኤሌክትሪክ ማሞቅም ለነዋሪው ከአቅም በላይ ነበር። የከተማው አስተዳደር ግን ጥፋቱ የነዋሪዎቹ አኗኗር እንደሆነ ነገራቸው፤ መስኮት አይከፍቱም፣ ልብስ በቤት ውስጥ ያሰጣሉ ተባለ። ነዋሪዎቹ ተደራጅተው ተከራከሩ። ሕንፃዎቹም ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው በ1987 ፈረሱ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1989፣ በግላስጎው፣ በኤዲንብራና በለንደን በሚገኙ 597 ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። የቤቱን ርጥበት የለኩት ባለሙያዎችና ስለ ጤና የጠየቁት ሰዎች የተለያዩ ስለነበሩ፣ አንዱ የሌላውን ውጤት አያውቅም ነበር። ጥናቱ በይበልጥ የሚጠቀሰው ስለ ሕፃናት ባገኘው ቢሆንም፣ ርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ አዋቂዎችም የአፍንጫ መታፈንና የትንፋሽ ማጠርን ጨምሮ ብዙ ምልክቶች እንዳሉባቸው አሳይቷል። በ2002 ደግሞ ከበርካታ ሀገሮች የተውጣጡ 1,132 አስም ያለባቸውን አዋቂዎች የመረመረ ጥናት፣ ሰውነታቸው ለሻጋታ አለርጂ ያደረባቸው ሰዎች አስማቸው የበረታ ሆኖ አግኝቶታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ ርጥብ ወይም ሻጋታ ባለበት ሕንፃ መኖር የመተንፈሻ አካል ምልክቶችን፣ ኢንፌክሽንንና የአስም መባባስን እንደሚያበዛ በቂ ማስረጃ መኖሩን ገለጸ። ይህን ያህል ሻጋታ አይጎዳም የሚል የቁጥር ወሰን ግን አላስቀመጠም። ከዚህም የተነሣ መመሪያው ያተኮረው ሻጋታን በመለካት ላይ ሳይሆን ርጥበቱን ከምንጩ በማስወገድ ላይ ነው። ለሐኪሙም ይህ መልካም ዜና ነው፤ ቤቱ ይጠቁራል ወይ፣ ይሸታል ወይ፣ ከቤት ርቀው ሲሰነብቱ ይሻልዎታል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

የጥፋተኝነቱ ክርክር ግን ከግላስጎው በኋላም አልሞተም። በታኅሣሥ 2020 በእንግሊዝ በሮችዴል ከተማ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ፤ ወላጆቹ ስለ ቤቱ ሻጋታ ሲያመለክቱ ከአኗኗራቸው ጋር ተያይዞባቸው ነበር። በ2021 የሀገሪቱ የቤቶች እንባ ጠባቂ ባወጣው ዘገባ ጉዳዩ የአኗኗር አይደለም ሲል በርእሱ ጭምር አስታወቀ። በኅዳር 2022 የአሟሟት መርማሪዋ ለሕፃኑ ሞት ምክንያት የሆነው ለሻጋታ ለረጅም ጊዜ መጋለጡ መሆኑን ወሰኑ። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግም የማኅበራዊ ቤቶች አከራዮች አሳሳቢ የርጥበትና የሻጋታ አቤቱታን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመረምሩ፣ አስቸኳይ አደጋ ከሆነም በ24 ሰዓት ውስጥ እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል።