ብሩህ ተስፋ
ብሩህ ተስፋ፣ ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ የጀመረው፣ ከትምህርት ገበታ ውጭ ለሆኑ ከ10 እስከ 19 ዓመት ልጃገረዶች የተዘጋጀ መርሐ ግብር ነው። ብዙዎቹ ተሳታፊዎች ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የተቀጠሩ ነበሩ። የቤት ሠራተኛ ጊዜዋ በአሠሪዋ እጅ ስለሆነ የጤና ጣቢያ ወይም የትምህርት ቦታ ቅርበት ብቻውን አይጠቅማትም፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሴት አስተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልጃገረዶቹ በመርሐ ግብሩ እንዲሳተፉ አሠሪዎችን ያስፈቅዱ ነበር፤ ከባዱም ወሳኙም ሥራ ይኸው ነበር። ልጃገረዶቹ በቀበሌ አዳራሽ እየተሰበሰቡ ከማንበብና መጻፍ ጋር ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ ስለ ኤችአይቪና ስለ ጾታዊ ጥቃት ተምረዋል። በእንዲህ ያለ ትምህርት የጊዜ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፤ ከተደፈሩ በኋላ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ በ5 ቀን ውስጥ መወሰድ ይኖርበታል፤ ሁለቱም በፈጠኑ ቁጥር ይበልጥ ይሠራሉ።