የልጆቹ መሪ ከየት ይመጣል? የስካውት ታሪክ ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሲታይ

ስለ ኢትዮጵያ ስካውት ሲወራ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ በንጉሡ ዘመን ነበረ፤ ደርግ መጣና ጠፋ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ትልቁን ጥያቄ ግን ሳይመልሱት ያልፋሉ። ደርግ የዘጋው ስካውትን ብቻ አልነበረም። በእነዚያው ዓመታት፣ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በተዘረጉት በእነዚያው ከተሞች፣ የከፋ በትር ያረፈባቸው ሌሎች ማኅበራት ነበሩ፤ አንዳንዶቹም መከራውን አልፈው ከቀድሞው በዝተውና ጠንክረው ወጡ። ስካውት ግን የዓለም አቀፉን የስካውት ድርጅት አባልነት እንደገና ያገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አንዱን ያጠፋው እጅ ሌላውን ማጥፋት ያልቻለው ለምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ መልሱ በልጆቹ ወይም በመርሐ ግብሩ ውስጥ ሳይሆን በአዋቂው መሪ ላይ እንደሚገኝ ነው። ሥሩን በሰፈሩ ውስጥ የሰደደ፣ በፈቃዱ የሚያገለግል መሪ ያለው ማኅበር ቢሮው ሲዘጋ አይሞትም፤ መሪው በሹመት የመጣ ከሆነ ግን ሹመቱ ሲነሣ ማኅበሩም አብሮ ይነሣል።

ይህ ሐሳብ ለስካውት እንግዳ አይደለም፤ እንቅስቃሴው ከመነሻው የቆመበት መሠረት ነው። የስካውት መሥራች ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዟ ብራውንሲ ደሴት ላይ ሃያ ያህል ልጆችን ሰብስቦ ሙከራውን ሲጀምር በአራት ንዑስ ቡድን ከፈላቸው፤ ለእያንዳንዱም ከልጆቹ መካከል አለቃ ሾመ። በቀጣዩ ዓመት ስለ ስካውት የጻፈው መጽሐፍ ሲታተም ልጆች ራሳቸው እያነበቡ ቡድን መመሥረት ጀመሩ፤ ከዚያም «መሪ ሁነን» እያሉ አዋቂ ፍለጋ ወጡ። መሪው ደመወዝ የለውም። ሥራውም ከላይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ገመድ አቋጠሮ ያሳያል፣ እሳት አነዳድና ድንኳን አተካከል ያስተምራል፣ ከዚያ ፈንጠር ብሎ የአሥራ አራት ዓመቱ አለቃ ጓደኞቹን እንዲያዝ ይተወዋል። ልጁ ሲሳሳት ቶሎ አይገባም፤ ሲጎዳ ግን ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። የእያንዳንዱን ልጅ ቤት ያውቃል፤ ልጅ ሲቀር ለምን እንደቀረ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰው በራሱ እንደማይበቅል በመረዳት ንቅናቄው እ.ኤ.አ. በ1919 በለንደን አቅራቢያ ጊልዌል ፓርክን የመሪዎች ማሠልጠኛ አደረገው። ሠልጣኞቹ አዋቂዎች ራሳቸው እንደ ልጆቹ በንዑስ ቡድን ተከፍለው፣ ድንኳን ተክለው፣ ምግባቸውን አብስለው ይማሩ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ስካውት የገባው በትምህርት ቤት በር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የስካውት ቡድኖች ነበሩ፤ ከነጻነት በኋላ እንቅስቃሴው በንጉሠ ነገሥቱ ጥላ ሥር እንደገና ተደራጅቶ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለም አቀፉ ድርጅት አባል ሆነ። በትምህርት ቤት መጀመሩ በጊዜው ምክንያታዊ ነበር። ማንበብና መጻፍ የሚችል አዋቂ ጥቂት በነበረበት አገር ልጆችን በሥርዓት ለመምራት ከመምህሩ የተሻለ ሰው አልነበረም፤ ግቢውም፣ ሜዳውም፣ ተማሪውም እዚያው ነበሩ። ችግሩ ግን በጥንካሬው ውስጥ ተደብቆ ነበር። መምህሩ የሚመደበውና የሚዛወረው በሚኒስቴር ነው፤ ዘንድሮ ናዝሬት፣ በአሁኗ አዳማ፣ የነበረው ለከርሞ አሰላ ወይም ነገሌ ሊሆን ይችላል። ቡድኑን የሚያውቀው ርእሰ መምህሩ ነው እንጂ ሰፈሩ አይደለም። የበላይ ጠባቂነቱ ደግሞ እስከ ቤተ መንግሥት ይደርሳል። ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. መስከረም ሲወርድ ከእሱ ጋር የታሰረው ሁሉ ተናወጠ። ስካውትን ከወላጅና ከጎረቤት ጋር ያሰረው ገመድ ግን ቀጭን ነበርና የሚይዘው አላገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ስካውት ከውጭ የመጣ ነው፤ መሥራቹ በደቡብ አፍሪካው የማፌኪንግ ከበባ ስሙን ያገኘ የቅኝ ግዛት ጦር መኮንን ነበር፤ ታዲያ ሥር ባይሰድ ምን ይገርማል? ስለ መሥራቹ የተባለው ትክክል ነው። ነገር ግን ባዕድ የነበረው ልብሱና ፉጨቱ እንጂ፣ ያለ ክፍያ የሰው ልጅ ማሳደግ ለዚህ ሸለቆ ባዕድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ወንዶችን በስምንት ስምንት ዓመት እርከን ያሳልፋል። ከእርከኖቹ አንዱ የሆነው ፎሌ በተለምዶ ከ8 እስከ 16 ዓመት ያሉትን ልጆች የሚያቅፍ ሲሆን፣ ይህ ዕድሜ ስካውት ከሚፈልገው ጋር እጅግ ይቀራረባል። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ግን ስሕተት ነው፤ በገዳ የልጅ እርከን የሚወሰነው በአባቱ እርከን ነው፤ ስካውት ደግሞ የአባትን ማንነት ሳይጠይቅ ይቀበላል። የጋራ የሆነው ቁም ነገር ሌላ ነው። ልጅነት የማኅበረሰቡ ጉዳይ መሆኑ፣ ታዳጊዎች ከእኩዮቻቸው ጋር አብረው ኃላፊነት መልመዳቸው፣ ቀድመዋቸው ያለፉት ታላላቆችም ስለ እነሱ ተጠያቂ መሆናቸው ነው።

ከተሞቹ ሲቆረቆሩ ይህን የማኅበረሰብ ትስስር የሚተካ ነገር አስፈለገ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በመንገዱ ላይ ያሉት ጣቢያዎች፣ አዳማና ሞጆን ጨምሮ፣ ከየአቅጣጫው የሚጎርፈውን ሰው መሰብሰብ ጀመሩ። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲያስጀምር ደግሞ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌላውም አካባቢ የመጡ ሠራተኞች በየካምፑ ሰፈሩ። እነዚህ ሰዎች ቢቸገሩ የሚደርስላቸው፣ ቢሞቱ የሚቀብራቸው ዘመድ በአጠገባቸው አልነበረም። የሰጡት መልስ እድር ነበር። የእድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሚመረጡት በአባላቱ ነው፤ ሌሊት ለቅሶ ሲሰማ ተነሥቶ ድንኳን የሚያስተክለው ዳኛ ደመወዝ የለውም፤ ያጠፋ አባል ይቀጣል፣ ያጠፋ ዳኛም ይሻራል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌውና አማራው በአንድ መዝገብ ሰፍረው ይገኛሉ። ስለዚህ የበጎ ፈቃድ መሪ ባህል በእነዚህ ከተሞች ሞልቶ ነበር፤ ስካውት ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጥቶ ከዚያ ምንጭ አልቀዳም።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የልዩነቱን ዋጋ አሳየ። በ1967 ዓ.ም. ታኅሣሥ የታወጀው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ብዙዎቹ ወጣቶች የወጡት ከልባቸው ለማገልገል ነበር፤ ግን መዝመት ግዴታ ነበር፤ ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠል አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ተመሠረተ፤ ከ14 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት በየቀበሌው ተደራጀ። ስብሰባ፣ ኪነት፣ ስፖርት፣ ሰልፍ ሁሉም ነበረ። በመልክ ሲታይ ስካውት ያልደረሰበት ስፋት ነበር። ነገር ግን መሪው የሚጠየቀው ወደ ላይ እንጂ ወደ ወላጁ አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ወጣቶችን እየመለመለ የሚያቀርበው ያው ቀበሌ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ልጇን ከአፈሳ የምትደብቅ እናት የወጣት ስም ዝርዝር የያዘን ማንንም ሰው ብትሸሽ አይፈረድባትም። ይህ ማኅበር ከመንግሥቱ ጋር በ1983 ዓ.ም. አብሮ ጠፋ፤ ሚሊዮኖችን ያቀፈው አደረጃጀት በሰፈሩ ውስጥ እንኳ የሚያስቀጥለው ሰው አላገኘም።

በዚያው ሸለቆ፣ በዚያው ዘመን የሆነውን ሌላ ነገር እንይ። በዝዋይ፣ በአሁኗ ባቱ፣ የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ በሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም የካህናት ማሠልጠኛና የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋሙ። በክረምት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እዚያ እየመጡ ይማሩ ነበር፤ ተምረውም ወደየአጥቢያቸው ተመልሰው ሕፃናትንና ታዳጊዎችን ያለ ክፍያ ያስተምሩ ነበር። አቡኑ በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ቢያርፉም ሥራው አልቆመም፤ ከዚያ የተማሩ ወጣቶች በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከማኅበረ ቅዱሳን ጀማሪዎች መካከል ሆኑ። ናዝሬት ላይ ደግሞ ከሜኖናይት ሚሲዮን ሥራ የበቀለችው መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ታሰሩ። አባላቱ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሰው እየተከፈሉ ቀጠሉ፤ ትናንሾቹን ቡድኖች የመሩት ደመወዝ የሌላቸው ተራ ምእመናን፣ ብዙዎቹም ሴቶች ነበሩ። ስትዘጋ 5 ሺህ ገደማ የነበሩት አባላት ሥርዓቱ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ሁለቱ በእምነት የተለያዩ ናቸው፤ በአሠራር ግን ሁለቱም ብራውንሲና ጊልዌል የቆሙበትን መርሕ በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል፤ ትንሽ ቡድን፣ የሠለጠነ መሪ፣ የማይከፈልበት አገልግሎት።

«እነሱን ያቆማቸው እምነት ነው፤ የገመድ አቋጠሮ የሚያስተምር ሰው ለምን ሲል መከራ ይቀበላል?» የሚል ሰው ሚዛን የሚደፋ ነገር ተናግሯል። እምነት ብርታት ይሰጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን እምነት ብቻውን አልበቃም፤ በዚያ ዘመን በሕንጻና በደመወዝተኛ ላይ ብቻ የቆመ አገልግሎት ሕንጻው ሲወረስ ተቋርጧል። ከሁሉ በላይ መልስ የሚሰጠው እድር ነው። እድር ሰማያዊ ዋጋ አይሰብክም፤ በአብዮቱ፣ በድርቁና በጦርነቱ መካከል ግን ቀብሩን አላቋረጠም። ዳኛው ከአባላቱ መካከል የወጣ፣ ነገ እሱንም እነሱ የሚቀብሩት ሰው ስለሆነ ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ ሊያስቀረው አልቻለም።

ሌላው ተቃውሞ ከኪስ የሚነሣ ነው። ኑሮ በከበደበት ከተማ፣ ባጃጅ ነድቶ የሚያድር ወይም በገበያ ውሎ የሚገባ ሰው ቅዳሜውን ለሰው ልጅ እንዲሰጥ መጠየቅ የጥጋበኛ ምክር አይሆንም ወይ? ጥያቄው በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል። ነጻ አገልግሎት ማለት መሪው ከኪሱ ያውጣ ማለት አይደለም፤ የትራንስፖርቱን፣ የድንኳኑን፣ የምሳውን ወጪ ማኅበሩ መሸፈን አለበት። ደመወዝ ያለው ሰውም ቢሆን ከሥራው ድንበር አልፎ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ከሸለቆው ማዶ በአርሲ ደጋ ያለችው በቆጂ መስክራለች። አሠልጣኝ ሰንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር ሆነው ጀምረው ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ከተማዋን በዓለም ያሳወቃት ስታዲየም ወይም በጀት ሳይሆን፣ በየማለዳው ልጆቹን የሚጠብቅ አንድ አዋቂ ነው። በአዳማ ሰፈሮችም የታዳጊ ኳስ ቡድን የሚያሠለጥኑ ሰዎች አሉ፤ ልጆቹን ሰብስቦ የሚያቆያቸው የእነሱ ጽናት ነው። ድህነት በጎ ፈቃደኛን አላጠፋም፤ በጎ ፈቃደኛው ያጣው ነገር ሥልጠናና ድጋፍ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ልጅን ለማይከፈለው አዋቂ አደራ መስጠት አደገኛ አይደለም ወይ? በልዩ ልዩ አገሮች የስካውት ማኅበራት ውስጥ ልጆች በመሪዎቻቸው መጎዳታቸው በፍርድ ቤት ተረጋግጧል፤ የአሜሪካው ማኅበር በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሳራ ጥበቃ እስከ መጠየቅ ደርሷል። ስለዚህ ዓይንን ጨፍኖ ማመን መፍትሔ አይሆንም። ነገር ግን ከዚያ ጥፋት የሚወሰደው ትምህርት ዝምታ ወንጀልን እንደሚያሳድግ ነው። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን፣ ጉዞና አዳር በሁለት መሪ እንዲሆን፣ ወላጅ በማንኛውም ሰዓት መጥቶ እንዲያይ የሚያዝ ሕግ ያስፈልጋል። ይህን ሕግ በተግባር የሚያስከብረው ሰውየውን፣ ቤቱንና ያለፈ ሕይወቱን የሚያውቅ ጎረቤት ነው። ከሰፈሩ ያልተገናኘ፣ በደብዳቤ ብቻ የመጣ መሪ በዚህም ረገድ ደካማው ምርጫ ነው።

ዛሬ ሁኔታው ከ1967 ዓ.ም. ይሻላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቀድሞ የነበረውን ጠባብ ሕግ ሽሮ ማኅበር መመሥረትንና ገንዘብ ማሰባሰብን አቅልሏል። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎትም የአረጋውያንን ቤት በማደስና ደም በማሰባሰብ ብዙ ወጣት ያሳትፋል። ሆኖም የክረምት ዘመቻ መስከረም ሲጠባ ያበቃል፤ ልጅ ደግሞ የሚያድገው ዓመቱን ሙሉ ነው። በአዳማ አውቶቡስ ተራ ሊስትሮ ሆኖ የሚውለው፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ረዳት ለመሆን የሚመኘው ልጅ የሚያስፈልገው ለአንድ ቀን ቲሸርት የሚያለብሰውን አይደለም፤ ሲቀር የሚፈልገውን አዋቂ ነው። ስካውት በእነዚህ ከተሞች ዳግም ሊቆም የሚፈልግ ከሆነ መነሻው የደንብ ልብስና የምሥረታ በዓል መሆን የለበትም። በየእድሩ ፊት ቀርቦ፣ ወላጆች የሚመርጧቸውን ጥቂት ሰዎች ወስዶ፣ በሚገባ አሠልጥኖ፣ ለእያንዳንዳቸው ከሃያ የማይበልጡ ልጆች ሰጥቶ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለመረጧቸው ወላጆች ሪፖርት እንዲያቀርቡ ማድረግ ነው። እንዲህ የተተከለ ቡድን በዝግታ ይሰፋ ይሆናል፤ ግን የሚቀጥለው መንግሥት፣ የሚቀጥለው ሚኒስትር ወይም የሚቀጥለው የበጀት እጥረት ሊነቅለው አይችልም።