ስለ አንድ ቀን ዝንብና ስለ ሁለት ዓሣ አጥማጆች

ተፈጥሮን መርምሮ ያገኘውን በመጽሐፍ የሚያኖር ሰው ለተከታዩ ትውልድ ታላቅ ውለታ ይውላል። ይሁን እንጂ ተከታዮቹ መጽሐፉን ይዘው ተፈጥሮን መመልከት ቢተዉ፣ የመምህራቸውን ቃል ይጠብቃሉ እንጂ የመምህራቸውን ሥራ አይሠሩም። ለዚህም በእንግሊዝ አገር፣ በሐምፕሽር፣ በቴስትና በኢቸን ወንዞች ዳር የሆነው ነገር መልካም ምሳሌ ነው።

የዚያ አገር ኮረብቶች ጠመኔ ናቸው። የዝናሙ ውሃ በጠመኔው ውስጥ ቀስ በቀስ ሠርጎ ምንጭ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ወንዞቹ ክረምት ከበጋ ጥሩና ቀዝቃዛ ሆነው ይፈስሳሉ። በዚህ ውሃ ትራውት የሚባለው ዓሣ ይኖራል። ከምግቡም አንዷ ኤፌሜራ የምትባለው ዝንብ ናት፤ የስሟም ትርጓሜ በግሪክ ቋንቋ «ለአንድ ቀን» ማለት ነው። ይህች ፍጥረት እጭ ሆና በወንዙ ደለል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ትቆያለች። በግንቦት ወር ወደ ውሃው ገጽ ወጥታ ቆዳዋን ገፍፋ ትበራለች፤ ክንፍ ካወጣች በኋላም እንደገና ቆዳዋን ትገፍፋለች፤ ከዚያም አንዳች ሳትበላ እንቁላሏን በውሃው ላይ ጥላ ትሞታለች።

ፍሬዴሪክ ሃልፎርድ (1844–1914 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር) ከወዳጁ ከጆርጅ ማርያት ጋር እነዚህንና የመሳሰሉትን ዝንቦች ከወንዙ እየያዘ መረመረ። መልካቸውንም ከላባና ከሐር ክር በመንጠቆ ላይ አስመስሎ የመሥራትን ጥበብ በ1886 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። የማጥመዱም ስልት ዓሣው ከውሃው ገጽ ላይ ሲበላ እስኪታይ መጠበቅና ሰው ሠራሹን ዝንብ በፊቱ ማንሳፈፍ ነበረ። ይህ በእርግጥ የታላቅ ትዕግሥት ፍሬ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ተከታዮቹ ስልቱን እንደ ሕግ ቈጠሩት፤ ከዚያ በቀር ማጥመድንም እንደ ነውር አዩት።

ጆርጅ ስኪውስ (1858–1949) የሕግ ባለሙያ ሲሆን፣ በኢቸን ወንዝ ብዙ ዘመን ዓሣ አጥምዷል። ከያዘው ዓሣ ሆድ ውስጥ የተበላውን በመቅኔ ማውጫ ማንኪያ እያወጣ፣ ውሃ ባለበት ነጭ ሳሕን ላይ በትኖ ይመረምር ነበር። በዚያም ክንፍ ያላወጡ እጮችን አገኘ፤ ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ ከገጹ በታች እንደሚመገብም ተረዳ። ስለሆነም በ1910 ባወጣው መጽሐፍ ከውሃው ገጽ በታች የማጥመድን ስልት ደግፎ ጻፈ፤ እጮቹን የሚመስሉ መንጠቆዎችንም በኋላ እያሻሻለ ሠራ። ሃልፎርድም ዓሣው እጭ እንደሚበላ አልካደም፤ የካደው በእጭ አምሳል ማጥመድ እንደሚቻል ነው። ክርክሩ እርሱ ከሞተ በኋላ እንኳ አልበረደም። በ1938 ለንደን በሚገኘው በዝንብ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ክበብ ጉዳዩ በይፋ ሲቀርብ፣ ስኪውስ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

ዛሬ በእጭ አምሳል ማጥመድ በዓለም የታወቀ ስልት ሆኗል። ሆኖም በነዚያው ወንዞች አንዳንድ ክፍል እስከ ሰኔ ወር ፍጻሜ ገደማ በተንሳፋፊ ዝንብ ብቻ እንዲጠመድ የሚያዝዝ ደንብ አሁንም አለ።

እንግዲህ ከሁለቱ ማንኛው ይበልጣል ብሎ መጠየቅ አይበጅም፤ ሁለቱም ወንዙን ተመልክተዋልና። ሃልፎርድን በእውነት የተከተለው ስልቱን እንደ ሕግ የጠበቀው ሳይሆን፣ እንደ እርሱ ጎንበስ ብሎ ውሃውን የመረመረው ስኪውስ ነበረ። መምህርም ለደቀ መዝሙሩ ሊያወርሰው የሚገባው ከመልሱ ይልቅ መልሱን ያገኘበትን ዓይን ነው።